የሄምፕ ፍሬ ከሽሮ ጎን እንጂ በሽሮ ፋንታ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረውም የምሠለጥነውም ሱሉልታ ነው፤ 5,000 እና 10,000 ሜትር እሮጣለሁ። ዕድሜዬ 22፣ ክብደቴ 50 ኪሎ ነው። ሁዳዴን እጾማለሁ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ የሄምፕ ፍሬ ላከችልኝ፦ አንድ ከረጢት የተፈለፈለ፣ አንድ ጣሳ ዱቄት፣ በትንሽ ላስቲክ ደግሞ ያልተፈለፈለ። ‹ፕሮቲኑ ከሥጋ እኩል ነው› ብላኛለች። አሠልጣኜ ግን ‹ይሄ ዕፅ ነው፣ ዶፒንግ ያስይዝሻል› ብሎ ከለከለኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ያልተፈለፈለውን ጓሮ እንዝራው ትላለች። ልብላው ወይስ ልጣለው? በጾሙ ሥጋና ወተት የሚተካልኝ ከሆነስ አክስቴ እንድትጨምርልኝ ልንገራት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመጡልሽ ሦስት ዕቃዎች የተፈለፈለውን ብዪ። ዱቄቱን ተዪው። ያልተፈለፈለውን ዛሬውኑ ከቤት አስወጪው። አክስትሽን ጨምሪልኝ አትበያት፤ ለመላኪያ የምታወጣውን ገንዘብ ብትልክልሽና ምስርና ሽምብራ ብትገዢበት ይበልጥ ይጠቅምሻል። ይህን የምለው ሄምፕን ለማጣጣል አይደለም፤ ጥሩ ምግብ ነው። ነገር ግን የጾም ማዕድሽ ላይ የሚጎድለው ሄምፕ አትረፍርፎ የያዘው ነገር አይደለም። ማሸጊያው ላይ ደግሞ ይህ ተጽፎ አታገኚውም።

የአሠልጣኝሽን ሥጋት እናስቀድም። ግማሹ እውነት ነው። ሄምፕ የካናቢስ ተክል ነው፤ እኛ አገር ዕፀ ፋሪስ ከሚባለው ጋር ዝርያው አንድ ነው። የሚለየው ቲኤችሲ የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር በጣም እንዲያንስበት እየተመረጠ መራባቱ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የግብርና ሕግ ሄምፕ ብለው የሚቀበሉት ከደረቅ ክብደቱ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን ብቻ ነው። ይህ ንጥረ ነገር የሚገኘው በአበባውና ፍሬውን ከብበው በሚይዙት ትንንሽ ቅጠሎች ላይ ባለው ሙጫ ውስጥ ነው። ፍሬው ራሱ አያመርተውም። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ግን ሙጫው ቅርፊቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ቅርፊቱ የተነሣለትና በደንብ የተበጠረው ፍሬ ላይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ በ1 ኪሎ የሄምፕ ፍሬ ውስጥ ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ቲኤችሲ እንዳይገኝ ወስኗል። በዚህ ወሰን ጫፍ ላይ ያለ ፍሬ እንኳ ቢደርስሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 30 ግራም ገደማ ስትበዪ ወደ ሰውነትሽ የሚገባው ከ0.1 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ይህ አያሰክርም፤ ራስም አያዞርም።

ዶፒንጉስ? የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ዋዳ፣ ቲኤችሲን የሚከለክለው በውድድር ወቅት ነው። ውድድር ሲል ደግሞ የሩጫዋን ሰዓት ብቻ ማለቱ አይደለም፤ ከዋዜማው እኩለ ሌሊት አካባቢ ይጀምራል። ሽንት ውስጥ ተገኘ የሚባልበት ወሰን እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ሚሊ ሊትር ከ15 ወደ 150 ናኖግራም ከፍ ተደርጓል። በልኩ የተበላ የተፈለፈለ ፍሬ ወደዚህ ቁጥር አያደርስም። የአሠልጣኝሽ ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም፤ በዚህ ሕግ አትሌቷ ሰውነቷ ውስጥ ለተገኘ ማንኛውም ነገር ተጠያቂ ናት፤ «አላወቅሁም፣ ዘመድ ነው የላከልኝ» ማለት ቅጣት ሊያቀልል ይችል ይሆናል እንጂ ውጤቱን አያድንም። አሜሪካዊቷ ሻካሪ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የቶኪዮ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ያመለጣት በማሪዋና፣ ማለትም በዕፀ ፋሪስ፣ ምክንያት በተጣለባት የአንድ ወር ዕገዳ ነው። እሷ የተጠቀመችው ፍሬውን አልነበረም፤ ማሪዋናውን ነው። የምነግርሽ አንድ ወር ምን ያህል ውድ ሊሆን እንደሚችል እንድታዪው ነው።

ዱቄቱን ተዪው ያልኩሽም በዚህ ምክንያት ነው። የሄምፕ ፕሮቲን ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ፋጉሎ ነው፤ ፋጉሎው ከነቅርፊቱ ይፈጫል። ቅርፊት ላይ የተለጠፈ ሙጫ ካለ እዚያው ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ በስፖርት ስም የሚሸጡ ዱቄቶች ሌላ ነገር ሲቀላቀልባቸው ወይም በአንድ ማሽን ሲያልፉ የሚነካካቸው ምን እንደሆነ ከጣሳው ላይ አታውቂም። ጣሳው ላይ እንደ ኢንፎርምድ ስፖርት ወይም ኤንኤስኤፍ ያለ የገለልተኛ ምርመራ ምልክት ከሌለ ለሯጭ አልመክርም፤ ምልክቱ ቢኖርም ቀድመሽ የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣንን ጠይቂ። የተፈለፈለውንም ቢሆን አሠልጣኝሽን ደብቀሽ አትብዪው። ከረጢቱን ይዘሽ ሂጂና ጽሑፉን አብራችሁ አንብቡት። ከዚያም በኋላ ቅር ካለው ዋና ዋና ውድድሮችሽ ከመድረሳቸው ሳምንታት አስቀድመሽ አቁሚው። ለዚህ ፍሬ ሲባል ከአሠልጣኝ ጋር መጣላት አይገባም።

ስለ ጓሮው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 እንዲህ ያለውን ተክል ያለ ልዩ ፈቃድ ማብቀልን ያስቀጣል። ሄምፕ ነው፣ አያሰክርም ብትዪ፣ ያ ልዩነት በላቦራቶሪ እንጂ በዓይን አይታይም፤ ተክሉ ሲያድግ ቅጠሉም ሽታውም ያው ነው። የተፈለፈለው ቢዘራም አይበቅልም። ያልተፈለፈለው ግን ሊበቅል ይችላል። ጓደኛሽ ጓሮውን ከፈለገችው ባቄላ ትዝራበት፤ ሱሉልታ ያምርበታል።

አሁን ወደ ፕሮቲኑ። አክስትሽ ከምን ተነሥታ «ከሥጋ እኩል» እንዳለች ይገባኛል። 100 ግራም የተፈለፈለ ሄምፕ ውስጥ 31 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፤ በ100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው 20 ግራም አካባቢ ነው። ቁጥሩን ብቻ ካየሽ ሄምፕ ይበልጣል። ግን ሥጋ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሄምፕ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ከ100 ግራሙ ግማሽ የሚሆነው ቅባት ነው። ደግሞ ማንም ሰው በአንድ ጊዜ 100 ግራም ሄምፕ አይበላም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ብትበዪ የምታገኚው 9 ግራም ተኩል ያህል ፕሮቲንና 165 ካሎሪ ነው። ለጾመኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የፖላንድ ሲሌዢያ ሰዎች የገና ዋዜማን ያለ ሥጋ ሲያሳልፉ ከማዕዳቸው የማይለየው የሄምፕ ፍሬ ሾርባ ነው፤ ጾመኛ የሆነ ሕዝብ ይህን ፍሬ ያወቀው ከዛሬው የጂም ወሬ አስቀድሞ ነው።

መጠኑ ያን ያህል ከሆነ ጥራቱስ? የምግብ ፕሮቲን ጥራት የሚለካበት አንድ መንገድ አለ፤ ምን ያህሉ እንደሚፈጭና ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውን አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ቁራጮች፣ በምን ልክ እንደያዘ አጣምሮ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። እንቁላልና ወተት 1 ያገኛሉ፤ የበሬ ሥጋ 0.92 አካባቢ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ የተፈለፈለው ሄምፕ ከ0.63 እስከ 0.66፣ ያልተፈለፈለው 0.5 አካባቢ፣ ፋጉሎው ደግሞ ከ0.46 እስከ 0.51 አግኝተዋል። ልብ በዪ፤ በጣሳ የሚሸጠውና ውድ የሆነው ዱቄት ከፍሬው ያነሰ ነው።

ነጥቡን የሚያወርደው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ጭዱም ጭቃውም ቢትረፈረፍ ማገሩ ካነሰ ግድግዳው የሚቆመው በማገሩ ልክ ብቻ ነው፤ ሰውነትም ጡንቻ ሲጠግን እንዲሁ በጣም ባነሰው አሚኖ አሲድ ልክ ይገነባል፤ የተረፈውን አቃጥሎ ኃይል ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መለኪያ ለአዋቂ ሰው ከሚበላው ከእያንዳንዱ ግራም ፕሮቲን 45 ሚሊ ግራም ላይሲን መሆን አለበት። ሄምፕ 40 አካባቢ ነው፤ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ይመስላል። ችግሩ ከምን ጋር እንደምትበዪው ነው። ጤፍ 28 አካባቢ ነው። ስንዴና ገብስም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የጎደለበትን እንጀራ በጎደለበት ሄምፕ ብትሞዪው ቀዳዳው አይደፈንም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ግን ከ64 እስከ 70 ይደርሳሉ። ከእንቁላል ብዙም አያንሱም!

ስለዚህ እስቲ አወዳድሪው፦ 30 ግራም ሄምፕ 9 ግራም ተኩል ፕሮቲንና 380 ሚሊ ግራም ገደማ ላይሲን አለው። 30 ግራም የሽምብራ ሽሮ ዱቄት ደግሞ 6 ግራም ያህል ፕሮቲንና 400 ሚሊ ግራም ገደማ ላይሲን አለው። ሽሮው በፕሮቲን ቁጥር በሲሶ አንሶ በሚያስፈልግሽ ነገር ግን አይበለጥም። ዋጋቸውን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ሽሮ ብቻውን ደግሞ ፍጹም አይደለም። ጥራጥሬ ሜቲዮኒን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ጤፍ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ሄምፕ ይህን ይዘዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል ማለት ነው፤ የግድ በአንድ ጉርሻ መገናኘትም የለባቸውም፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከተበሉ ይበቃል። እናቶቻችን ይህን ስሌት በወረቀት አልሠሩትም፤ ስልጆ ግን የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት የሚቦካ ምግብ ነው፤ ጥራጥሬና የቅባት እህል በአንድ ሳህን። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም ስንዴና ባቄላ ነው። እኔ ጾመኛ አትሌት መጥታ ምን ልብላ ስትለኝ ስልጆን የምጠቅሰው ለባህል ፍቅር አይደለም፤ ከአሚኖ አሲዶቹ አንጻር የሚወጣለት እንከን ትንሽ ስለሆነ ነው። የሚያሳዝነው ግን አሁን አሁን በከተማ ቤቶች ስልጆ የሚሠራው ጥቂት ሰው ነው።

ለሄምፕ በጣም የሚቀርበው የአገራችን ምግብ የትኛው ነው ብትዪኝ የዱባ ፍሬ ነው። መቀራረባቸው ያስደንቃል። የተላጠ የዱባ ፍሬ በ100 ግራም 30 ግራም ፕሮቲን፣ 49 ግራም ቅባትና 1.2 ግራም ላይሲን አለው፤ ሄምፕ 31፣ 49 እና 1.3። ማግኒዚየሙም ዚንኩም ብዙ አይራራቅም። ሄምፕ በግልጽ የሚበልጠው በኦሜጋ 3 ቅባት ብቻ ነው፤ የዱባ ፍሬ ላይ ይህ የለም ማለት ይቀላል። ለዚህ ደግሞ ተልባ አለሽ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ውስጥ 1.6 ግራም ያህል ኦሜጋ 3 ይገኛል፣ ይህም ለአንዲት ሴት የቀን ፍላጎት ይበቃል። የዱባ ፍሬና ተልባ አንድ ላይ አክስትሽ የላከችልሽን ከረጢት ይተካሉ። ዱባ ወጥ በሚሠራበት ቤት ሁሉ ፍሬው ወደ ቆሻሻ ሲጣል ሳይ ይከነክነኛል። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ ቆሎ ይሆናል። መላጡ አሰልቺ ነው፤ አልክድሽም። ከነቅርፊቱ ከበላሽው የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ዝቅ ይላሉ።

ምን ያህል ትፈልጊያለሽ? ስፖርት የማይሠራ 50 ኪሎ ሰው በቀን 42 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 1.5 ግራም ላይሲን ይበቃዋል። ለሯጮች የሚመከረው በኪሎ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ስለሆነ ላንቺ ከ70 እስከ 80 ግራም ብናስብ ጥሩ ነው። አሁን በቀን ከ300 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ትበያለሽ እንበል። ከዚህ 39 ግራም ያህል ፕሮቲን ታገኛለሽ፤ ላይሲኑ ግን 1.1 ግራም ብቻ ነው። እንጀራውን በጎመንና በድንች ወጥ ብቻ ከበላሽው በፕሮቲን ቁጥር ወደማይሮጠው ሰው ልክ ተጠግተሻል፣ በላይሲን ግን ከሩብ በላይ ጎድሎሻል። ጾም ላይ «እግሬ ከበደኝ፣ ልምምዱ አልገፋልኝ አለ» ከሚሉ ልጆች ብዙዎቹ ትሪያቸው ይህን ይመስላል። ሁለት ስፖርተኞች እኩል እንጀራ በልተው አንዷ ስትደክም ሌላዋ የማትደክምበት አንዱ ምክንያት ወጡ ውስጥ ነው።

እዚያው ላይ 100 ግራም ያልበሰለ ጥራጥሬ ጨምሪ፤ እንደ ብርጭቆው መጠን አንዲት የሻይ ብርጭቆ ምስር ማለት ነው። 23 ግራም ፕሮቲንና 1.5 ግራም ያህል ላይሲን ገባ። 62 ግራም ደረስሽ፤ ላይሲኑ 2.6። አሁን ሦስት ማንኪያ ሄምፕ ወይም የዱባ ፍሬ ሲጨመር 71 ግራም ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ሄምፕ ቦታውን የሚያገኘው፤ ጥራጥሬው ከገባ በኋላ። ጥራጥሬውን አስወጥተሽ ሄምፑን እጥፍ ብታደርጊው 58 ግራም ላይ ትቀሪያለሽ፣ ላይሲኑም 2 ግራም አይሞላም፤ ከረጢቱ ግን በሁለት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል።

100 ግራም ጥራጥሬ ከባድ አይደለም፤ ከተጠነቀቅሽ። ምግብ ቤት የምትበዪው ሽሮ ፈሰስ ከሆነ ውስጡ ያለው ዱቄት ጥቂት ነው፤ የሚያጠግብሽ ዘይቱና እንጀራው ነው። ተጋቢኖ ይሻልሻል። ከቻልሽ ግን ሽሮሽን ራስሽ እህሉን ገዝተሽ አስፈጪ። ምክንያቴ ጓያ ነው። ርካሽ ስለሆነ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሽሮ ውስጥ የሚቀላቅሉ አሉ። ጓያ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ለወራት ዋና ምግባቸው ሲሆን እግራቸው ሽባ የሆነባቸው ሰዎች በአገራችን ድርቅ ባየባቸው አካባቢዎች ታይተዋል። አንድ ቀን በሽሮ ውስጥ የገባ ጥቂት ጓያ እንዲህ አያደርግሽም፤ ነገር ግን በጾም ሽሮን በየቀኑ የምትበዪ፣ እንጀራሽም በእግርሽ የሆነ ሰው ነሽና ምርጫውን ለነጋዴ አትተዪው። ሽሮው ላይ ከአምስት እጅ አንዱን አኩሪ አተር ብታስፈጪበት ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፤ አኩሪ አተር በ100 ግራም 36 ግራም ፕሮቲንና 2.7 ግራም ላይሲን አለው፣ ላይሲኑ ከሄምፕ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ሳይቆላ ወይም በደንብ ሳይበስል ግን አይበላ፤ ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለበት። ጎጃም ዘመድ ካለሽ ግብጦም አለ፤ ፕሮቲኑ ከአኩሪ አተር አያንስም፣ ምሬቱ ግን መርዛም ስለሆነ ተቆልቶ በሚፈስ ውኃ ለቀናት ካልተዘፈዘፈ አይበላም፤ የሚያውቀው ሰው ያዘጋጅልሽ።

አንቺ ያልጠየቅሽኝን ግን ከሄምፑ በላይ የሚያሳስበኝን ነገር ላንሣ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተሽ ሮጠሽ፣ 2 ሰዓት ላይ ጨርሰሽ፣ እስከ 9 ሰዓት ሳትበዪ ከቆየሽ፣ ጡንቻሽ ጥገና በሚፈልግባቸው ሰዓታት ባዶ ሆድ ነሽ። የትኛውም ፍሬ ይህን አይክስም። ጾሙን ፍቺ አልልሽም፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ሥራሽ ምን እንደሚጠይቅ ንገሪያቸውና ስለ ሰዓቱ አማክሪያቸው። ሌላው መንገድ ከባዱን ልምምድ ወደ ከሰዓት ማዛወር ነው፤ ይህን ከአሠልጣኝሽ ጋር መነጋገር ትችያለሽ። የወር አበባሽ ለሦስት ወር ከቀረ ግን የምግብ ጉድለቱ ከጡንቻ አልፎ ወደ አጥንትሽ እየገባ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሯጮች ይህን እንደ መልካም ብቃት ምልክት የሚያዩበት ጊዜ አለ። አይደለም።

እንግዲህ የተፈለፈለውን ሄምፕ የት ታውዪው? እኔ ብሆን ከሩጫ በኋላ መብላት በተፈቀደልሽ የመጀመሪያው ሰዓት አደርገዋለሁ፤ ወጥ ገና ሳይሠራ። አንድ ብርጭቆ በሶ በጥብጠሽ ሦስት ማንኪያ ሄምፕ ብትጨምሪበት 15 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሆናል፤ ለ50 ኪሎ ሰው በአንድ ጊዜ የሚበቃው ይኸው ነው። ላይሲኑን ማታ ምስሩ ይሞላዋል። ከሩጫ በፊት አትብዪው፤ ቅባቱ ብዙ ነው፣ ሆድሽን ይዞ ያቆምሻል። በአንድ ማንኪያ ጀምሪና ሆድሽ ሲለምደው ጨምሪ። አትቁዪው፤ ያ ኦሜጋ 3 ቅባት እሳት አይወድም። ሽሮ ላይ ከወደድሽው ድስቱን ካወጣሽ በኋላ ነስንሺው። ከረጢቱ ከተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሽታው እንደ አሮጌ ዘይት ከሆነ ወይም ጉሮሮ የሚከረክር ምሬት ካመጣ ያኔ ይጣል። ቫይታሚን ቢ12 ፈጽሞ የለውም፤ ከጾም ውጭ እንቁላልና ወተት የምትበዪ ከሆነ 55 ቀን አያሳስብሽም። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የተቀመጥሽው የአዲስ አበባ ወተት በሚታለብበት አገር ነው፤ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ላይሲኑም ሙሉ ነው። አፍልተሽ ጠጪው።

የቀረው ብረት ነው። የምትሠለጥኚው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ለመሥራት ብረት ይፈልጋል፤ በወር አበባና በሩጫም ብረት ይወጣል። ሦስት ማንኪያ ሄምፕ 2.4 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አለው፣ ፍላጎትሽ በቀን 18 ነው። ጤፍና ጥራጥሬም ብረት አላቸው፣ ሁሉም ግን ብረቱን ጠፍሮ የሚይዝ ፋይቴት የተባለ ነገር አብሯቸው አለ። እርሾ ያለው እንጀራ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ቦክቶ አብሲት የተጣለለት ከችኩሉ ይሻልሻል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂ፣ ቃሪያና ቲማቲም ሰላጣ አድርጊ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ያግዱታል፤ ቡናው ከምግብ በኋላ ወዲያው ሳይሆን ሰዓት ተኩል ያህል ይቆይ። ቡና አጣጭ ጎረቤት ቅር ይላት ይሆናል፤ አስረጂያት።

ሄምፕም ሆነ ሌላ ነገር ከመግዛትሽ በፊት ደምሽን ተመርመሪ። ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፤ ፌሪቲን የሚባለውን ጨምረው እንዲያዩልሽ ጠይቂ፣ የብረት ክምችትሽን የሚያሳየው እሱ ነው። በሯጭ ላይ ከ30 በታች ከወረደ ከምግብ በላይ ያለ እርዳታ ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ የብረት እንክብል ግን ሳትመረመሪ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪ። ክሊኒኩ «ቶሎ እንዲሻልሽ በደም ሥር እንስጥሽ» ካለሽ ሯጭ መሆንሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በሆስፒታል ሕክምና ወይም አስቀድሞ በተሰጠ የሕክምና ፈቃድ ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ በዋዳ ሕግ የተከለከለ ነው፤ የገባው ንጹሕ ውኃና ግሉኮስ እንኳ ቢሆን።